አሳውን ወደኔ ገፍቶ እሱ ዳቦ በዳጣ በላ፣ ጉርሻዬንም መለሰው፣ ምን ትላላችሁ?

ሰላም የባህር ዳር ልጆች፣ ሌሎቻችሁም። ይሄን ጥያቄ የለጠፍኩት ቅዳሜ ጠዋት ነው፣ ዛሬ ሰኞ መልሱ 40 አልፏል፣ አዲስ የሚገባው ሰው ሁሉ ከላይ ያለውን ሳያነብ ያለቀ ነገር መልሶ ይጠይቀኛል። ስለዚህ ጥያቄዬን ያኔ እንደተሰማኝ አድርጌ ደግሜ ልጻፈውና ከስር ስንተኛው ሰው ምን እንዳለ በራሴ አነጋገር ላስቀምጥ። የማንንም ቃል ቆርጬ አልለጥፍም፣ በንዴት ጽፈው በኋላ ያጠፉ አሉ፣ ሰው ያጠፋውን መልሶ ማውጣት ደግ አይደለም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ለጥምቀት በጓደኛዬ በኩል የተዋወቅኩት ልጅ አለ፣ ሁለት ሳምንት በቴሌግራም ስናወራ ሰነበትንና እንገናኝ ሲባል እሱ ፔዳ አካባቢ ካፌ አለ፣ እኔ ኧረ አይሆንም፣ ሀይቁ ዳር አሳ እንብላ፣ ጋባዧም እኔ ነኝ አልኩት። ይሄን ያልኩት ዝም ብዬ አይደለም። ካፌ ሁለት ሰው ሲቀመጥ ሁለት ማኪያቶ ነው የሚመጣው፣ እሱ የሱን እኔ የኔን፣ ስልክ ጠረጴዛ ላይ ተዘርግቶ፣ አንድ ሰዓት ይሄዳል፣ ሳትተዋወቁ ትነሳላችሁ። አሳ ግን አንድ ትሪ ነው። እጅ ታጥቦ፣ አጥንት እየተለቀመ፣ እጅ ቅባት ስለሆነ ስልክ አይነካም፣ ሰውየው ለአስተናጋጅ እንዴት እንደሚናገር፣ ጥሩውን ለራሱ ይጎትት ወደሌላው ይግፋ፣ ለውዝ ይዞ የሚዞረውን ልጅ በምን ዓይን እንደሚያየው፣ ሁሉም እዛው ቁጭ ብለህ ይታያል። እኔ ያደግኩበት ቤት እንደዛ ነው፣ አባቴ የማያውቀው ሰው ሲመጣ መጀመሪያ ምግብ ይቅረብ ነው የሚለው፣ ወሬው ከጉርሻ በኋላ ነው የሚመጣው።

እና አርብ ማታ 12 ሰዓት ከሩብ ላይ ተገናኘን። ከጊዮርጊስ ወደ ውሃው በሚያስወርደው በኩል ካሉት አሳ ቤቶች አንዱ ገብተን ውሃው ጋ የተጠጋች ጠረጴዛ አገኘን። ፀሐይዋ ልትገባ ነበር፣ አንድ ሰውዬ በደንገል ታንኳ መረቡን ይዞ እየቀዘፈ ያልፋል፣ በጣም ደስ ብሎኛል። አንድ ሙሉ ቆሮሶ ጥብስ አዘዝኩ። ልጁ ለራሱ ሰላጣ አለ፣ ከአሳው ጋ የሚበላው መስሎኝ ዝም አልኩ። አሳው መጣ፣ ጎንና ጎኑ በቢላ ተተልትሎ ዘይት ውስጥ ሲገባ ሥጋው ብድግ ብድግ ብሎ የቆመ፣ ዳር ላይ ሎሚና ስንግ ቃሪያ፣ ዳጣው በትንሽ ሳህን። ልጁ ሎሚውን ጨመቀበት፣ ከዛ በሁለት ጣቱ አጥንቱን አንድ በአንድ እየመዘዘ ትሪው ጠርዝ ላይ ደረደረው፣ ክር የምታህለዋን ሳትቀር። ሲጨርስ ትሪውን ወደኔ ገፋው። እጁን ጠረገና ዳቦውን ዳጣ እያጠቀሰ መብላት ጀመረ። ጠበቅኩት። ብላ እንጂ አልኩ፣ አንቺ ብዪ አለ። በመጨረሻ ከጀርባው ወፈር ያለውን ሥጋ አንስቼ ዳጣ አስነክቼ ጉርሻ ዘረጋሁለት። እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ አመስግኖ መለሰው። ጉርሻ ተዘርግቶ ሲመለስ ምን እንደሚሰማ የደረሰበት ያውቀዋል፣ እጄ አየር ላይ ቀረ፣ ጎረቤት ጠረጴዛ ያሉት ሴቶች አይተዋል፣ ፊቴ ጋለ።

ቢል ሲመጣ የጋበዝኩት እኔ ስለሆንኩ በቴሌብር ከፈልኩ፣ አልታገለኝም፣ አመሰግናለሁ አለና ለአስተናጋጁ ቲፕ ከኪሱ አውጥቶ ሰጠ። እስከ ባጃጅ ሸኘኝ። ቅዳሜ ጠዋት እንዴት አደርሽ ብሎ ላከ፣ አልመለስኩለትም፣ እዚህ መጣሁ። ጥያቄዬ፣ ከአንድ ትሪ ያልበላ፣ ጉርሻ የመለሰ ሰው ንቆኝ ነው ወይስ ሌላ ትርጉም አለው፣ ሁለተኛ ልገናኘው ወይስ ልተወው?

አሁን መልሶቹ። 1ኛዋ በጣም ትሁት ናት፣ ስለጻፍኩት አመስግና ወንዶችም በመጀመሪያ ቀን እንደሚያፍሩ፣ የሷ ባለቤት ሲተዋወቁ ፊቷ ላይ ሙሉ ወር ምንም ሳይቀምስ እንደቆየ ነገረችኝ። ትንሽ አጽናናችኝ። 2ኛው በካፌው ነገር ሙሉ በሙሉ ከኔ ጋ ነው፣ እሱ ሦስት ሴት ካፌ ተገናኝቶ የሦስቱንም ድምፅ አሁን እንደማያስታውስ ጻፈ። 3ኛው ግን ከአዲስ አበባ ነው፣ ሰላምታውም ቀዝቃዛ ነው፣ በእጅ ተገናኝቶ መብላት ለቤተሰብ እንጂ ለማያውቁት ሰው ንጽህና እንዳልሆነ፣ ልጁም ይሄንን አስቦ ሊሆን እንደሚችል፣ አሳ ደግሞ ከእጅ ሽታው እንደማይለቅ ዘረዘረ። እዚህ ላይ አልስማማም፣ ልጁ አጥንቱን በጣቱ ለቅሞልኛል፣ ሽታውን ቢፈራ ያንን ባላደረገ ብዬ መለስኩለት። ይሄን ስጽፍ ራሴ የጻፍኩት ነገር ትንሽ ከነከነኝ፣ ግን አለፍኩት።

4ኛው መልስ ስለ ፍቅር ምንም አላለም፣ ስለ አሳው ነው፣ እኔ ግን ከሁሉም በላይ ደጋግሜ ያነበብኩት እሱን ነው። ቤተሰቡ በመረብ የሚተዳደር ልጅ ነው። የበላሁት ቆሮሶ እንዳልሆነ ነገረኝ። ቆሮሶ ጠፍጣፋ ሰፊ አሳ ነው፣ አጥንቱ ትልልቅ ነው፣ የጀርባውን አከርካሪና የጎኑን አንዴ ካወጣህ ሥጋው ንጹህ ነው፣ ሥጋ ውስጥ የተሰገሰገ እንደ ክር የቀጠነ ጫፉ መንታ የሆነ አጥንት ያለው ነጭ አሳ ነው አለኝ። ፎቶ እንዳነሳሁ ጠየቀኝ፣ አንስቼ ስለነበር ለጠፍኩለት። አፉ ዳር ያለውን ትንንሽ ጢም እንዳይ ነገረኝ፣ እውነትም አለ፣ ቆሮሶ ጢም የለውም። አሳ ቤቱ ለኔ ቆሮሶ ብሎ ነው ያቀረበው፣ ቆሮሶ ብዬ ነው የከፈልኩት፣ ተፈላጊው እሱ ስለሆነ እንደዛ እንደሚያደርጉ በኋላ ብዙ ሰው መሰከረ። ስሙን አልጠራም፣ ግን ተናድጃለሁ፣ ሀይቁ ዳር ተወልደን የምንበላውን ሳናውቅ መብላታችን ያሳፍራል።

ከ5 እስከ 8 ያለው ስለ ቢል ነው። 5ኛዋ ወንድ ልጅ ለሴት እንድትከፍል ዝም ብሎ ካየ ነገ ኪራይም እሷን እንደሚያስከፍል አስጠነቀቀችኝ። 6ኛው በሷ ላይ ጠንከር አለ፣ ባጃጅ እንደሚነዳ ተናገረና አሁን በነዳጁም በሁሉም ዋጋ ከአንዲት ልጅ ጋ አንድ ማታ ወጥቶ ቢል ከነ15 በመቶ ቫቱ ከፍሎ ሳምንቱን እንዴት እንደሚገፋ የሚጠይቀው ሰው እንደሌለ፣ ሴቶቹ እኩል ነን የሚሉት ቢል እስኪመጣ ብቻ እንደሆነ ጻፈ። 7ኛዋ ደሞ እሷ ሁሌ ግማሹን እንደምታዋጣ፣ አንዴ ግን ወንዱ በዛው ምሽት ስክሪንሾት ልኮ የአምቦ ውሃውን ሂሳብ እንደጠየቃት፣ ያንን ሰው እንዳገደችው ተረከች። 8ኛው ጥሩ ነገር አነሳ፣ እዚህ አገር የጋበዘ ነው የሚከፍል፣ ተጋባዡ ደሞ በሌላ ቀን ይመልሳል፣ በተራ ነው፣ ማዋጣት የማህበር ነው እንጂ የግብዣ አይደለም ባይ ነው። እኔም የማምነው እንደዛ ነው፣ ስለዚህ ባለመታገሉ አልተቀየምኩም፣ የተቀየምኩት በጉርሻው ነው፣ ይሄንን አራቱም አላዩልኝም።

9ኛው ላይ ነገሩ ከረረ። ይሄ ሰው የተቆጣው በ6ኛውም በ7ኛዋም አይደለም፣ በኔ ነው። ግብዣ ብዬ የጠራሁት ፈተና እንደሆነ፣ ልጁን አሳ ፊት አስቀምጬ አስተናጋጁን እንዴት ያያል ለውዝ ሻጩን እንዴት ያያል እያልኩ ማርክ ስሰጥ እንዳመሸሁ፣ ወንዶች በእንደዚህ ዓይነት ዓይን መታየት እንደሰለቻቸው፣ የሥራ ቃለ መጠይቅ እንኳ ቢሆን ተጠያቂው ጥያቄውን እንደሚሰማ ጻፈ። መጨረሻ ላይ የጨመረውን አልደግመውም፣ ራሱም አጥፍቶታል። ስድቡን ትቼ ነገሩን ሳየው አመመኝ ምክንያቱም ግማሹ እውነት ነው። ማየት ግን ኃጢአት አይደለም፣ እሱም እኔን ሲያይ ነበር፣ ሁለት ሰው አንድ ገበታ ላይ ተቀምጦ ካልተያየ ለምን ይቀመጣል፣ ይሄንን ነው የመለስኩለት፣ አሁንም አልቀየርም።

10ኛዋ እናት ናቸው፣ እታለም ብለው ነው የጀመሩት፣ እንዲህ ሲሉኝ ልቤ ረጋ። 9ኛውን ቆጣ ብለው ልጄ ቀስ አሉትና የራሳቸውን ነገሩን። በሳቸው ጊዜ ትሪም ካፌም የለም፣ ጥምቀት ነው ያለው፣ ጎረምሳው ሎሚ ይዞ ይመጣና የወደዳትን ደረቷ ላይ ይወረውራል። የሳቸው ሎሚ ትከሻቸውን መትቶ መሬት ወደቀ፣ ወርዋሪውን አላዩትም፣ አንስተው በነጠላቸው ጫፍ ቋጠሩት፣ ሳምንት ሙሉ የማን እንደሆነ ሳያውቁ ሳጥን ውስጥ እያሸተቱ አቆዩት። በኋላ ሽማግሌ ሲመጣ ነው ያወቁት። ሎሚው ጠቁሮ ደርቆ ዛሬም እንዳለ ጻፉ። ለኔ ያሉኝ አንድ ነገር ነው፣ ሰው ስጦታ ሲሰጥ ሁሌ የምትጠብቂውን አይሰጥሽም፣ አጥንት ለቅሞልሻል ብለሻል፣ እሱን ለምን ከመቁጠር ውጪ አደረግሽው አሉኝ።

11ኛው ጭብጡን ወደ ጀልባ ወሰደው። አንዲት ልጅ ከአዲስ አበባ መጥታ ገዳም ላሳይሽ ብሎ ጀልባ ተከራይቶ ክብራን ገብርኤል ይዟት ሄደ፣ ክብራን ሴት እንደማይገባበት ባህር ዳር ተወልዶ ረስቶታል፣ እሷ ዳር ላይ ጀልባው ውስጥ ቀረች፣ እሱ ገብቶ ተሳልሞ ወጣ፣ እስኪወጣ ፀሐዩ አቃጥሏታል፣ ስትመለስ አላናገረችውም። ከዛ ብዙ ሰው ምክር ሰጠው፣ ሴት ይዞ የሚሄድ ወደ ዘጌ ዑራ ኪዳነ ምሕረት እንዲሄድ፣ እዛ ሥዕሉም እንደሚታይ፣ በቡናው ጫካ ውስጥ በእግር እንደሚሄዱ፣ ደሞ በጠዋት እንዲሆን ከሰዓት ነፋሱ ሲነሳ ጣና እንደሚናወጥ። አንድ የፖሊ ተማሪም እዚሁ መሀል ገብቶ ለአሳም ለጀልባም የሚሆን ገንዘብ የሌለው ሰው ምን ያድርግ አለና ራሱ መለሰው፣ በ2016 የተመረቀው አዲሱ የዓባይ ድልድይ 380 ሜትር ነው፣ ሄዶ መመለስ ለወሬ በቂ ነው፣ ቆሎ በኪስ ይዞ። ይሄ መልስ በጣም ደስ አለኝ፣ ቆሎም ከአንድ እጅ የሚበላ ነገር ነው።

12ኛው አንድ መስመር ነው። አሳ ቤት በአስተናጋጅነት እንደሚሠራ ነገረኝና ቀኑ ምን ቀን እንደነበር ጠየቀኝ። ሌላ ምንም አላለም። እኔ ደሞ ጽፌያለሁኮ፣ አርብ ማታ። 13ኛዋ ወዲያው ገባችና አርብ መሆኑን እኔ በአፌ እየተናገርኩ እንዴት እንዳልታየኝ ጠየቀችኝ።

እውነት ነው የምላችሁ አልታየኝም። እኛ ቤት አሳ ጾም ነው። አባቴ ረቡዕና አርብ አሳ ይበላል፣ እናቴም፣ ተወልጄ እዚህ ያደግኩ ሰው ነኝ፣ አሳ የሚከለከልበት አርብ እንዳለ መስማቱን ሰምቻለሁ ግን ከራሴ ጋ አገናኝቼው አላውቅም። የጽሑፉን ርዕስ አየሁት፣ ዳቦ በዳጣ በላ ብዬ ራሴ ነው የጻፍኩት። ሰላጣ፣ ዳቦ፣ ዳጣ። የጾም ገበታ ነው የቀረበው ፊቱ።

ከዚህ በኋላ እስከ 22 ድረስ የኔ ጉዳይ ተረስቶ አሳ ይጾማል አይጾምም ሆነ፣ ልክ እንደሁልጊዜው ነገሩ ጋለ። አንደኛው ወገን አሳ ደም ያለው ሥጋ ነው፣ በሰባቱም አጽዋማት አይበላም፣ አርብ አሳ የሚበላ ሰው ጾሜያለሁ ባይል ይሻለዋል አለ። ሌላው ጌታ ራሱ አሳ በልቷል፣ ሉቃስ 24 ላይ ተጽፏል አለ። ለዚህ የመጣው መልስ ጠንካራ ነበር፣ እሱ ከትንሣኤ በኋላ ነው፣ በበዓለ ሃምሳ ደግሞ አርብም አይጾምም፣ ስለዚህ ያ ማስረጃ አይሆንም ተባለ። ሌላ ሰው በሁዳዴው 55 ቀን አይነካም፣ በረቡዕና አርብ ግን የንስሐ አባቱ እንደፈቀዱለት ተናገረ፣ ወዲያው የሌላው ሰው የንስሐ አባት እንዳልፈቀዱ መጣ። አንዷ አምባዛ በጾምም በፍስክም እንደማትበላ ጻፈች፣ ቅርፊት ስለሌለው፣ ዘሌዋውያን 11ን ጠቅሳ። 12ኛው አስተናጋጅ ተመልሶ መጣና እሱ የሚያውቀውን ብቻ ተናገረ፣ ዓመቱን ሙሉ አሳ ቤት በጣም የሚሞላው በሁዳዴ ነው፣ ቦታ ጠፍቶ ሰው ቆሞ ይጠብቃል፣ ከዛው ጠረጴዛ ላይ ግን ሁሌ አንድ ዳቦ በዳጣ የሚበላ ሰው አይጠፋም፣ ሲያዩት ምን እንደሆነ ያውቁታል። ለዛ ነው ቀኑን የጠየቀኝ። የክርክሩን እውነት እኔ አልፈርድም፣ የሊቃውንት ነው፣ ግን የሁለቱም ወገን ሰው አንድ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ ሳይሰዳደብ እንደሚያመሽ ይሄ ልጅ በዓይኑ የሚያየው ነገር ነው፣ እዚህ የምንሰዳደበው ፊት ለፊት ስላልተቀመጥን ይመስለኛል።

20ኛው ላይ አንድ የሙስሊም ልጅ የጻፈው ደሞ ክርክሩን ዝም አሰኘው። የክርስቲያን ጓደኞቹ ጋ ልጅ ሆነው ጀምረው ምግብ ቤት ሲገቡ ሁሌ መለያየት አለ፣ ሥጋው በማን ታረደ ነው፣ እነሱ አንድ ጠረጴዛ እሱ ብቻውን ሽሮ፣ ወይ የተለያየ ቤት። አሳ ግን አይታረድም። ስለዚህ ባህር ዳር ውስጥ ስድስቱም እጃቸውን አንድ ትሪ ውስጥ የሚከቱት አሳ ቤት ብቻ ነው፣ የዩኒቨርሲቲ ምርቃታቸውንም እዛው እንዳከበሩ ነገረን። እሱም አንዳንዱ ጓደኛው አርብ እንደማይበላ ያውቃል፣ ስለዚህ የሚገናኙት ከአርብ ውጪ ነው፣ ይሄን ማንም አላስተማራቸውም፣ እርስ በርስ ስለሚጠያየቁ ነው። እኔ ያንን አንድ ጥያቄ ነው ያልጠየቅኩት፣ ሁለት ሳምንት ሙሉ ስናወራ ምን ዘፈን እንደሚወድ ጠይቄዋለሁ፣ ይጾም እንደሆን አልጠየቅኩትም።

23ኛው 4ኛው የመረብ ልጅ ነው እንደገና፣ በዚህ ጊዜ ግን ተቆጥቶ። ይበላል አይበላም ስንል አሳው ራሱ እያለቀ እንደሆነ ነገረን። ነጭ አሳ ከምንላቸው ውስጥ ከ15 የማያንሱ ዓይነቶች ከጣና በስተቀር የትም ዓለም ላይ የሉም። ምክንያቱን ሲያስረዳ፣ ጢስ ዓባይ ፏፏቴ ከከተማው 30 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ 40 ሜትር ገደማ ይወርዳል፣ ከታች ያለ አሳ ወደላይ መውጣት አይችልም፣ ስለዚህ ጣና ያለው አሳ በር ተዘግቶበት ለብቻው የኖረ ነው። እነዚህ አሳዎች ክረምት ከሐምሌ እስከ ጥቅምት እንቁላል ለመጣል ወደ ጉማራ፣ ወደ ርብ፣ ወደ መገጭ ይወጣሉ፣ ሁሉም በአንድ ጊዜ ወንዙ አፍ ላይ ይሰበሰባሉ፣ እና እዛው አፉ ላይ መረብ ይዘረጋባቸዋል፣ እንቁላሏን ሳትጥል የተያዘች አሳ ማለት የሚቀጥለው ዓመት አሳ ነች። አባቱ በክረምት ወንዝ አፍ ላይ አልዘረጋም ብሎ ከጎረቤት እንደተጣላ ጻፈ። ከዛ እንቦጩ አለ፣ ዳር ዳሩን ሸፍኖ ታንኳ አላስገባ ያለበት ቦታ አለ። ቆሮሶ ነው ብለው ነጭ አሳ ሲሸጡልን ዝም ካልን የትኛው እያለቀ እንደሆነ እንኳ አናውቅም አለ። ማንም አልመለሰለትም፣ ሁለት ሰው ላይክ አድርጎ አለፈ፣ ይሄ በጣም ነው ያሳዘነኝ፣ ከዚህ ሁሉ መልስ ውስጥ አንድ ነገር አንብቡ በይ ብባል እሱን ነው አንብቡ የምለው።

ቅዳሜ ማታ ለልጁ ጻፍኩለት። በቀጥታ፣ አርብ ስለነበር ነው ወይ አልኩት። መልሱ ረዥም ነው፣ ፈቅዶልኝ ነው ዋናውን የማስቀምጠው። ከዳንግላ ነው፣ ቤታቸው በረቡዕና አርብ አሳ አይነካም። ሳምንቱን ሙሉ ስለአሳው ሳወራለት ደስታዬን ሰምቶ አልበላም ማለት ደስታዬን መስበር መስሎት ዝም አለ። ቀኑን ለመቀየር አስቦ ነበር፣ እኔ አርብ ስል ሌላ ቀን ሥራ እንዳለኝ ገምቶ ተወው። ጉርሻዬን ሲመልስ ከሁሉም የከበደው እሱ እንደነበር፣ ፊቴን አይቶ ሊነግረኝ አፉን ከፍቶ ቢሉ እንደመጣ ነገረኝ። ሂሳቡን ያልታገለው ደሞ የኔ ተራ ስለነበር ነው፣ ቅዳሜ ጠዋት እንዴት አደርሽ ያለው እሁድ ሊጋብዘኝ ነበር።

ይሄንን 25ኛ አድርጌ ስለጥፍ ብዙ ሰው እልል አለ፣ 1ኛዋ ልጅ፣ 10ኛዋ እናት፣ 6ኛው ባጃጅ ነጂ ሳይቀር በነፃ እንደሚያደርሰን ቃል ገባ። 9ኛው ተመለሰና ይቅርታ ጠየቀኝ፣ ባለፈው ዓመት አንዲት ልጅ ሾርባ ሲጠጣ ድምፅ ያሰማል ብላ ለጓደኞቿ ጽፋበት ያንን በአጋጣሚ አንብቦ እንደነበር፣ የኔን ጽሑፍ ሲያይ ያ እንደተቀሰቀሰበት አስረዳ። አመሰግነዋለሁ፣ እንደዛ ያለ ነገር ሰውን ለብዙ ጊዜ ገበታ ያስጠላል፣ እኔም ስለልጁ እዚህ መጻፌን ከዛ በኋላ ነው በደንብ ያሰብኩበት፣ ለዛም ነው ፈቃድ የጠየቅኩት።

ሁሉም ግን እልል አላለም። 29ኛዋ በጥሩ አማርኛ ግን ሳታለሳልስ ጠየቀችኝ፣ እየጾምኩ ነው ማለት ሁለት ቃል ነው፣ እሱን ለመናገር ያልደፈረ ሰው ነገ ዕዳ ቢኖርበት፣ ቢታመም፣ ሥራ ቢያጣ እንዴት ይነግርሻል አለችኝ። ከ40ው መልስ ውስጥ በጣም ያሰበችልኝ እሷ ናት ብዬ ነው የማምነው። ሌሎች ደስታ አታበላሺ ብለው ወረዱባት፣ እኔ ግን ትክክል ጠየቀች ነው የምለው። ለሱም አሳየሁት። የሱ መልስ እዚህ አይጻፍም፣ ግን መለሰልኝ፣ ዞር አላለም።

ከ30 እስከ 37 ያለው እንግዲህ ተበታተነ፣ ዳጣ በደረቁ ይሻላል በእርጥቡ፣ የት ሰፈር ነው ጥሩው፣ አንድ ሰው ምግብ በመጣ ቁጥር ለቲክቶክ እየቀረጹ አሳ የሚያቀዘቅዙ ሰዎች ላይ ረዥም ተቆጣ፣ ትክክል ነው ቀዝቃዛ አሳ አይበላም። 38ኛዋ እሁድ ምን ሆነ ብላ ጠየቀች፣ ከሷ ቀጥሎም ሦስት ሰው ይሄንኑ።

እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ሄድን፣ ሌላ አሳ ቤት። ከመጥበሱ በፊት አሳዩን ብዬ ወጥ ቤት ድረስ ገባሁ፣ ጠፍጣፋ፣ ሰፊ፣ ጢም የለውም። ውሃው ዳር ተቀመጥን። ሎሚውን እሱ ጨመቀ፣ አከርካሪውን አንዴ ስቦ አወጣው፣ ሌላ የሚለቀም አልነበረም። ትሪውን ወደኔ አልገፋውም፣ መሀል ላይ አደረገውና እጁን ከተተ፣ ከዛ የመጀመሪያውን ጠቅልሎ ዳጣ አስነክቶ ወደኔ ዘረጋ።